የዓርብ ካሴቶች

ሰኞ 3

«ቀልድ አይጻፍበትም» ብላ ነው ይህን ደብተር የሰጠችኝ። የእህቴ ልጅ ናት፤ አለቃዬም ናት። ለቢሮው አዲስ ማከማቻ ልንገዛ ስለሆነ እያንዳንዱ ሻጭ ምን እንዳለ፣ ምን ቃል እንደገባ በየቀኑ መዝግብ ተብያለሁ። እሺ። ለመዝገቡ ያህል፦ ዛሬ ሰርቨሩ አሥራ አንድ ጊዜ ጠቅ ብሏል። ሁለት ጊዜ ደግሞ አቃስቷል።

መዝገብ ከሆነ ሰዎቹንም ላስቀምጥ። ቢሮው የቅየሳ ቢሮ ነው፤ የሰው መሬት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለክተን ካርታ እንሠራለን። አለቃዬ፣ ማለትም ልጅቷ፣ ሜዳ ወጥታ ትለካለች። (ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ ግን አንዴ «ልጅቷ» ብያታለሁ፣ ተጣብቆ ቀርቷል።) ካርታውን የሚነድፈው ሚሊሜትር ነው። ይህን ስም ያወጣሁለት ሻይ ሲቀዳ እንኳ ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን በዓይኑ ስለሚለካ ነው። እኔ «የተቀረው ሁሉ» ነኝ፤ አምፖል፣ ማተሚያ፣ የበር መዝጊያ፣ ኮምፒውተር። ማንም አላስተማረኝም። ፈትቼ፣ አበላሽቼ፣ መልሼ ገጥሜ ተማርኩ። ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈኛል።

የሰባት ዓመት ሥራችን ሁሉ ያለው ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ጠቅ ጠቅ በሚለው ሰርቨር ውስጥ ነው። አሁን በእጃችን ያለው የወንዝ ዳሩ ሥራ ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ይዞታ። ልጅቷ በሚቀጥለው ወር በ20 ለማዘጋጃ ቤቱ ካስረከበች የቀረውም ከተማ ቅየሳ የእሷ ነው። ካላስረከበች ቢሮውን ዘግታ ወደ ድሮ አለቃዋ ተመልሳ ትቀጠራለች። ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ቀለል አድርጋ፣ ጥፍሯን እየበላች።

ረቡዕ 5

የምንፈልገው እንዲህ ነው። አንድ ሳጥን፤ በውስጡ ዲስኮች። ሁላችንም ከየጠረጴዛችን በኔትወርኩ ገብተን ፋይላችንን የምንከፍትበት። በዚያ ላይ የቴፕ መቅጃችን የሚሰካበት፣ በየዓርቡ ያለውን ሁሉ ወደ ካሴት የሚገለብጥ። ያለው ሰርቨር ይህን ያደርጋል፤ ግን አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ፤ ልዩነቱ እኔ ጠቅ አልልም።

ስለ ካሴቶቹ ልጻፍ። በእነሱ ካልኮራሁ በምን ልኮራ ነው? ስድስት ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ሥርዓቱን የዘረጋው ባለሙያ ሥራ ሲለቅ ለእኔ አስረከበኝ። በስድስቱ እህቶቼ ሰየምኳቸው፤ ታላቋ፣ ቁጡዋ፣ ዘፋኟ፣ ሐሜተኛዋ፣ አልቃሻዋ፣ ትንሿ። ምክንያቱም አንዳቸውም የሰሙትን አይረሱም። (ትንሿ የልጅቷ እናት ናት። እሷማ ያልሰማችውንም አትረሳም።) በየዓርቡ ተራ የደረሳትን መቅጃው ውስጥ እከታታለሁ፤ ጉርር ይልና ይተፋታል፤ ቤቴ ወስጄ ከአልጋዬ ሥር አስተኛታለሁ። ቢሮው ቢቃጠል እንኳ እህቶቼ እኔ ጋ ናቸው።

የራሴም ብልሃት አለችኝ። በካሴቷ ጎን ትንሽ ማንሸራተቻ አለች፤ ወደ ቁልፉ ምልክት ከገፏት ካሴቷ ትቆለፋለች፣ ማንም ምንም ሊያጠፋባት አይችልም። ገና በመጀመሪያው ዙር ስድስቱንም ቆልፌያቸዋለሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

መቅጃውም ሥራውን ለምዷል። ያኔ አንዷን ለመቅዳት አምስት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። አሁን ሦስት ደቂቃ።

ዓርብ 7

ዘፋኟ። ሦስት ደቂቃ። ጎበዝ።

ማክሰኞ 11

ባለሽቶው ሻጭ መጣ። ሽቶው ቀድሞት ደረጃውን ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ሳጥን አስቀመጠ፤ አምስት ዲስኮች እንደ መሳቢያ ከፊት ተደርድረዋል። ሚሊሜትር መብራቱን ሲያይ አፉን ከፈተ።

«ካሴት የሚባለውን ነገር ይርሱት፣ አባት» አለኝ ባለሽቶው። «ጊዜው አልፎበታል። ይሄ ራሱን በራሱ ይጠብቃል። እየሠራ እያለ ዲስክ ቢነቅሉበት እንኳ አይሰማውም።»

አባት! ቢበዛ አሥር ዓመት ብበልጠው ነው።

«እየሠራ?» አልኩት።

«እየሠራ።»

«ልሞክር?»

«በደስታ!»

ነቀልኩ። እውነቱን ነው፤ ሚሊሜትር የከፈተው ካርታ ቅንጣት አልተነቃነቀም። ሻጩ እጁን እንደ አስማተኛ ዘረጋ። እሱ ዘርግቶ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ነቀልኩ።

መብራቱ ቀይ ሆነ። ካርታው ጠፋ። ሳጥኑ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት ይጮህ ጀመር።

«ምን ነካዎት! አንድ እኮ ነው ያልኩት!»

«እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ፣ ልጄ። መቁጠር ያስቸግረኛል።»

ልጅቷ ጣሪያውን እያየች ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ ሲያፍናት እንደዚያ ናት። ሰውየው ሳጥኑን አቅፎ ወጣ፤ ሽቶው ግን እስከ ማታ አብሮን ዋለ።

ለመዝገቡ፦ ሁለተኛውን የነቀልኩት ለምርመራ ነው። «አባት» ስላለኝ አይደለም።

ሐሙስ 13

ዛሬ የመጣችው ከሌላ ድርጅት ነው፤ ቴክኒሻን ናት። ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ ከደረጃው ሥር ገብታ ጆሮዋን ሰርቨሩ ላይ ለጥፋ ቆየች። ሐኪም ትመስላለች። ዝምተኛዋ ብያታለሁ። የእሷ ሳጥን ግራጫ ነው፤ መብራቱ አንድ፣ እሱም የጎመን ዘር የምታህል። አንድ አይደለም ሁለት ዲስክ ቢነቀል ይሠራል አለች፤ ስለ እኔ ማንም ሳይነግራት። ከኋላው የቴፕ መቅጃችን የሚሰካበት ቦታ አለው፤ ወደ ካሴት መገልበጫ ፕሮግራሙም ከሳጥኑ ጋር ነው የሚመጣው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ለመጨረሻ ጊዜ ከካሴት መልሳችሁ ያነበባችሁት መቼ ነው?»

«ካሴት የሚነበበው ፋይል ሲጠፋ ነው እንጂ!» አልኳት። «ሳይጠፋ ማንበብ፣ ሰው ሳይሞት ለቅሶ መቀመጥ ነው።»

ሚሊሜትር ሳቀ። ልጅቷ ሳቀች። እሷ አልሳቀችም።

«እስቲ አንድ ቀን ይሞክሩት» አለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ይህ እንኳ ለመዝገቡ አያስፈልግም።

ዓርብ 14

ሐሜተኛዋ። ሦስት ደቂቃ።

ለዝምተኛዋ መልስ እንዲሆነኝ ልሞክራት አልኩ። መቅጃውን፣ ባለፈው ወር የጻፍኩትን የቀልድ ፋይል መልስልኝ አልኩት። የለም። የዓምናውን። የለም።

ካሴቷ ላይ ያሉትን ፋይሎች ቀን አየሁ። አራት ዓመት ያለፈው።

ቤት ሄጄ ሌሎቹን በታክሲ አመጣኋቸው። ቁጡዋ፣ አራት ዓመት። ታላቋ፣ አራት ዓመት። አልቃሻዋ። ትንሿ። ሁሉም።

ማንሸራተቻዋ።



ቅዳሜ 15

ሌሊቱን ሳሰላው አደርኩ። የተቆለፈ ካሴት ላይ ማንም አያጠፋበትም፤ ማንም አይጽፍበትምም። እኔንም ጨምሮ። ከመጀመሪያው ዙር ወዲህ በየዓርቡ የምከተውን ካሴት መቅጃው አይቶ «ተቆልፏል» እያለ ይተፋው ነበር። ሦስት ደቂቃው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ «ሥራ ለመደ» ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼለታለሁ።

ስለ ስህተቱም ዝም አላለም ምስኪኑ መቅጃ። በየሳምንቱ መልእክት ልኳል፤ የላከው ግን ሥርዓቱን ዘርግቶ ለሄደው ባለሙያ አድራሻ ነው። ሁለት መቶ ዓርብ ያህል ለማያነብ ሰው አቤት ሲል ኖሯል።

ስለዚህ የወንዝ ዳሩ ሥራ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚለው ላይ። ልጅቷ የምትለካበት መሣሪያ እንኳ ማስታወሻው እየሞላ በየሳምንቱ ይጠረጋል፤ የሚጠርገውም ማን ነው? የተቀረው ሁሉ።

ስድስቱንም ማንሸራተቻ ከፈትኳቸው። ቀላሉ እሱ ነበር።

ሰኞ ለልጅቷ እነግራታለሁ።

ሰኞ 17

ልጅቷ በማለዳ ወንዝ ዳር ወጥታለች። ማታ ስትመለስ ጭቃ በጭቃ ነበረች፤ እንዲህ ደክሟት ምን ይባላል።

ዝምተኛዋ ሳጥኑ የሚቆምበትን ቦታ ልትለካ መጥታ ነበር። ሻይ አቀረብኩላት። ወሬ መሃል ጣል አደረግኩት።

«አንድ ጓደኛ አለኝ» አልኳት። «ሌላ ቢሮ ነው የሚሠራው። ካሴቶቹን ቆልፎ አራት ዓመት ሙሉ ሲቀዳ ኖረ። ማለቴ፣ ሲቀዳ የመሰለው።»

ሻይዋን አማሰለች። «ዲስካቸው ደህና ነው?»

«ትንሽ ጠቅ ጠቅ ይላል አሉ።»

«እህ።» ማማሰሉን አላቆመችም። «ጓደኛዎን ይንገሩት፤ ራሱ እንዳይነካው። ጠቅ የሚል ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ ነው የሚሞተው። ዛሬውኑ ለአለቃው ይንገርና ሥራ ቆሞ ዲስኩ ለእኛ ይምጣ። እኛ ጋ ለእንዲህ ያለው የሚሆን መሣሪያ አለ።»

«ሥራ ስንት ቀን ይቆማል?»

«አራት። አምስት።»

«እነግረዋለሁ። ትንሽ ደረቅ ነው፣ ግን ጥሩ ሰው ነው።»

«ይመስለኛል» አለች፤ ወጣች። ሻይዋን አልጠጣችውም። ስኳር አብዝቼ ይሆናል።

ረቡዕ 19

ምርጫው አላለቀም። እኔና ልጅቷ ግራጫውን ስንል ሚሊሜትር የባለሽቶውን ሳጥን ሙጥኝ ብሏል። ትልልቅ ካርታ ቶሎ ይከፍታል ይላል፤ ያ እውነት ነው። ልጅቷ «ሁለት ዲስክ ቢነቀልስ?» ስትለው፣ «በዚህ ቢሮ ሁለት ዲስክ የሚነቅል አንድ ሰው ነው፤ ጋሼን አስረን ማስቀመጥ ከቴፕ ይረክሳል» አላት። ጥሩ መልስ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቄን አልጨርሰውም ነበር።

ከምሳ በኋላ በኮሪደሩ ሳልፍ የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ። ሚሊሜትር ስለ ጠቅታው ጠይቋት ኖሮ፣ «አትስጋ» ትለዋለች። «አጎቴ በሁሉ ነገር ይቀልዳል፤ በካሴቶቹ ግን አይቀልድም።»

ወደ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ። ውኃው ይንጠባጠብ ነበርና እሱን ጠገንኩ።

ሰኞ 24

ግራጫው ተመረጠ። ሁለት ሳምንት ከተከራከሩ በኋላ። ሐሙስ ሳምንት፣ ማለትም በሚቀጥለው ወር በ4 ይገባል። ሲገባ ሁሉን ነገር ከአሮጌው ወደ አዲሱ እገለብጣለሁ፣ በካሴትም እቀዳለሁ፤ ከዚያ ለልጅቷ እንደ ቀልድ እነግራታለሁ። «እንዲህ ሆኖ ነበር እኮ» ብዬ። ትስቃለች።

ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። አውቃለሁ። አልጠየቅኩም።

ሠላሳ አንድ ጠቅታ። ባለፈው ዓርብ ካሴት አልከተትኩም፤ ዝምተኛዋ ሲነበብ ይሞታል ብላለችና።

ሐሙስ 27

ዛሬ ወንዝ ዳሩን ሲከፍት ሰርቨሩ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም አለ። ሚሊሜትር አየኝ። እኔ ጣሪያ አየሁ።

እስከ 4 አይጠብቅም። በካሴት ልቀዳው ነው። መቅጃው ሁሉን እንጂ መርጦ አይቀዳም፤ የሥራችን መጠን ስላደገ አሁን አራት ካሴት ይፈልጋል፤ አራት ጊዜ አምስት ሰዓት፣ ማንም ሳይነካው። ልጅቷና ሚሊሜትር ደግሞ ቅዳሜ የለ እሑድ የለ ይሠራሉ። ስለዚህ በር ላይ ለጠፍኩ፦ «ቢሮው ምስጥ ስለገባበት ቅዳሜና እሑድ መድኃኒት ይረጫል። መግባት ለጤና አደገኛ ነው።» ከሥሩ የማይነበብ ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ የብርጭቆ ቂጥ ማኅተም። አምሯል።

ልጅቷ አንብባ፣ «ምስጥ የት አየህ?» አለች።

«ምስጥ ከታየማ አልቋል። የማይታየው ነው የሚያስፈራው።»

አመነችኝ። ባታምነኝ ምን ነበረበት።

ቅዳሜ 29

ጠዋት በአንድ ሰዓት አልቃሻዋን ከተትኳት። ጉርርታው ቀጠለ፤ ሦስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ። ላቅፈው ምን ቀረኝ!

በአራት ሰዓት በሩ ተከፈተ። ሚሊሜትር ነው፤ ማስመሪያውን ረስቶ። ማስመሪያ ሳይዝ እንቅልፍ አይወስደውም መሰለኝ። ከመግባቱ በፊት መሐረቤን አፌ ላይ አሰርኩ፤ የአበባ ውኃ መርጫዋን ይዤ ኮሪደሩን መርጨት ጀመርኩ።

«ጋሼ! አንተ ነህ እንዴ የምትረጨው?»

«ባለሙያው ታመመ።»

«በምን?»

«በመድኃኒቱ።»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አየሩን አሸተተ። «ግን አይሸትም።»

«የማይሸተው ነው አዲሱ። የሚሸተውንማ ምስጦቹ ለመዱት።»

ሳለ። በእውነት ሳለ፤ በንጹሕ የቧንቧ ውኃ! ማስመሪያውን በበሩ አቀበልኩት፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። ከመስኮት አየሁት፤ መንገዱ ማዶ ቆሞ ሸሚዙን ያራግፋል። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር።

ማታ ላይ ሁለተኛዋ ካሴት አለቀች። ነገ ሁለት ይቀራሉ። ይሳካል።

እሑድ 30

ሦስተኛዋ ላይ። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ጠቅታው ቆመ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ።

ቆመ ማለት ሞተ ነው።

አጥፍቼ አበራሁ። በእጄ ዳበስኩት። ለመንኩት። ጮኽኩበት።

ያለቀውን አነበብኩ፤ ዛሬ ማንበብ ለመድኩ። ሦስቱ ካሴቶች ላይ ያለው ደህና ነው፤ የድሮው ሥራ ሁሉ አለ። መቅጃው የሚሄደው በስም ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ በላይ እንዲታየኝ ብዬ ዜሮ ዜሮ ያልኩት የራሴ ማኅደር አለ፤ የእህቶቼ ልጆች ሠርግ፣ የጎረቤት ድመት ከጣሪያ ስትወድቅ፣ ሦስት ሺህ ቀልድ። መጀመሪያ የተቀዳው እሱ ነው። ሙሉ አንድ ካሴት በልቷል። ከሥራዎቹ ደግሞ የመጨረሻው ቁጥር የወንዝ ዳሩ ነው፤ አልደረሰበትም።

ሦስት ሺህ ቀልድ ተርፏል።

ሰኞ 1

ሁሉም ተረጋግተው ነበር፤ እሱ ነው የገደለኝ። ልጅቷ ሰርቨሩ መሞቱን ስትሰማ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ «በቃ፣ ካሴቶቹ አሉን። አጎቴ፣ የዓርቡን አምጣ» አለች።

«የዓርቡ… ችግር አለበት» አልኩ። «የወንዝ ዳሩ አልተቀዳም።»

«ከዚያ በፊት የነበረው ዓርብስ?»

«ዲስኩ ታሞ ስለነበር…» አልኩ። ዓረፍተ ነገሩ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። እሷ በራሷ ጨረሰችው። ወደ ሚሊሜትር ዞረች።

«ሁለት ሳምንት!» አለችው። «ስለ ሰማያዊ መብራት ሁለት ሳምንት አከራከርከኝ! ያን ጊዜ ብንገዛ ኖሮ ሳጥኑ ዛሬ እዚህ ቆሞ ነበር።»

ሚሊሜትር ማስመሪያውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ፤ አየውና እንደገና አስተካከለው።

እኔ ምንም አላልኩም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ይህን ተረት ስንት ጊዜ በሰው ላይ ተርቼዋለሁ።

ትንሿ ደወለች። እህቴን ማለቴ ነው። «ልጄ ራት አልበላ አለች፤ ምን ሆናለች?» አለችኝ። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳት። «አንተ አለህላት፣ ምን ታጣለች» አለችና ዘጋች።

ማክሰኞ 2

ሚሊሜትር ከእኔ ቀድሞ ቢሮ ገብቷል። የጠረጴዛው መሳቢያ ባዶ ነው፤ እስክሪብቶዎቹን በቁመታቸው ደርድሮ ካርቶን ውስጥ ከቷል።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሳልባረር ልልቀቅ ብዬ ነው» አለ። ከዚያ፣ «ይቅርታ ጋሼ። አንተ ከመጀመሪያው ግራጫውን ስትል ብሰማህ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ይቅርታ አለኝ። እኔን።

እጁን ይዤ ወደ ልጅቷ ክፍል ወሰድኩት። ምን እንደምል አልተዘጋጀሁም። ትንሿን፣ ካሴቷን፣ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና ማንሸራተቻዋን በጥፍሬ ገፋሁ።

«እንዲህ ሲሆን ይቆለፋል» አልኳት። «ሲቆለፍ አይጽፍም። እኔ ቆልፌዋለሁ። ስድስቱንም።»

«መቼ?»

«የዛሬ አራት ዓመት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ፊቷን አየሁት፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከብስክሌት ስትወድቅ እንደዚያ ነበረች፤ ከማልቀሷ በፊት ሰውን አንድ ጊዜ ታያለች።

«ቀልድ ነው በለኝ» አለች።

በሕይወቴ አንድ ሰው ቀልድ ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነው።

«አይደለም። ያወቅኩትም በ14 ነው። ቴክኒሻኗ፣ ሥራ አቁሙ፣ ዲስኩን አምጡ ብላኝ ነበር። ሥራ አቁሚ ማለት ላንቺ መንገር ስለሆነብኝ ተውኩት። ምስጥም አልነበረም።»

«ምስጥ አልነበረም?» አለ ሚሊሜትር። «እኔ እኮ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ!»

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ አስቀመጥኩላት። ለሚሊሜትር ሰጠችው። «ካርቶንህን ፍታ» አለችው። «ይቅርታ አድርግልኝ።» ለእኔ ምንም አላለችም። በሩ ጋ ስደርስ ግን፣ «ያተምካቸው ስንት ናቸው?» አለች፤ ለእሱ ነው። «መቶ ሠላሳ» አለ ሚሊሜትር። ያለቁትን ካርታዎች ከነልካቸው አትሞ አስቀምጧል፤ እነሱን መልሶ ይጽፋቸዋል።

ሰማንያ አራቱ ግን እንደገና መለካት አለባቸው። አሥራ ሰባት ቀን።

ሐሙስ 4

ግራጫው ገባ። የገጠሙት ዝምተኛዋና ሚሊሜትር ናቸው፤ እኔ ካርቶን አጠፍኩ። የሞተውን ዲስክም አየችው፤ ከውስጥ ተፍቋል፣ የሚነበብ የለም አለች።

አዲስ ሕግ ወጥቷል። በየዓርቡ ከተቀዳ በኋላ ሚሊሜትር ዓይኑን ጨፍኖ ዝርዝሩ ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ያረፈበት ፋይል ከካሴት ተመልሶ ይከፈታል። ካልተከፈተ ማንም ቤቱ አይሄድም።

ዝምተኛዋ ስትወጣ፣ «ጓደኛዎስ?» አለችኝ።

«ተናገረ።»

«ዘግይቶ?»

«ዘግይቶ።»

«ቢሆንም ተናግሯል» አለች። ዛሬ ሻይዋን ጨርሳለች። ስኳሩን ቀንሼው ነበር።

ዘንግ የሚይዝላት ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ስለሄደ ልጅቷ ሰው ፈልጉልኝ ስትል ሰማሁ። «እኔ እይዛለሁ» አልኩ። ጫማዬን አየች። «ቦት ግዛ» አለች።

ሰኞ 8

ዘንጉ ከእኔ ይረዝማል፤ ጫፉ ላይ መስተዋት አለው። ልጅቷ ከሩቅ በመሣሪያው አነጣጥራ መስተዋቱን ታነባለች። የእኔ ሥራ የወሰኑ ጥግ ላይ ቀጥ አድርጌ መያዝ ነው፤ ዘንጉ ላይ ያለችው የውኃ ልክ አረፋ ከመሃል እንዳትወጣ። ጣት ታህል ካዘነበልኩ የአንዱ አጥር ጎረቤቱ ጓሮ ይገባል። ሰባት ይዞታ። ቀኑን ሙሉ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ቁም» ብቻ ነው ያናገረችኝ። ወገቤ።

ቅዳሜ 13

በቀን ሰባት የነበረው ዛሬ ዘጠኝ ሆኗል። አርባ ቀረ። አንዲት የይዞታ ባለቤት፣ «ባለፈው ለክታችሁ አልነበር?» አለችን። ልጅቷ ወደ እኔ አላየችም። «የተሻለ ልንለካው ነው» አለቻት። እኔ ብሆን ቀልድ እጨምርበት ነበር።

ማክሰኞ 16

ዝናብ። አራት ብቻ። ቦቴ ጭቃ ውስጥ ቀረና በካልሲ ቆምኩ። አረፋዋ ግን ከመሃል አልወጣችም።

ዓርብ 19

የመጨረሻው ጥግ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ነው። ደለል፤ እስከ ቁርጭምጭሚት። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይዋ ልትሄድባት ስለሆነ ልጅቷ ትቸኩላለች። ነገ ማስረከቢያው ነው። ሚሊሜትር ቢሮ ሆኖ በየደቂቃው ይደውላል፤ ሌላው ሁሉ ተነድፏል፣ የሚጠብቀው ይህችን አንዲት ነጥብ ነው።

ዘንጉን ተከልኩ። አረፋዋን መሃል አመጣኋት። በዚህ መሃል ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች፤ ትልቅ፣ ጊዜ ያላት ዝንብ።

«አትንቀሳቀስ!» ትላለች ልጅቷ ከማዶ።

አልተንቀሳቀስኩም። ዝንቧ ወደ ከንፈሬ ወረደች፤ ሐሳቧን ቀይራ ተመለሰች።

«ተነበበ!»

እፎይ ብዬ እጄን ላነሳ ስል፣ «ቁም! ቁም አልኩህ!»

«ምነው፣ ተሳሳተ?»

«አልተሳሳተም። ደግሜ ላነበው ነው። እኔ ከእንግዲህ አንዴ ባነበብኩት አላምንም።» ዓይኗን ከመሣሪያው አላነሳችም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ወንዙ ባይጠብ ኖሮ አልሰማትም ነበር። «ትችላለህ፣ አጎቴ?»

ሁለት ሳምንት ተኩል ሆኗታል አጎቴ ካለችኝ።

«እችላለሁ» አልኳት፤ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። እንደገና ቀጥ ብዬ ቆምኩላት። ዝንቧም ቆመች።